ባዬ ጋሪ

ጥቅምት 4 ቀን 1979

ክረምቱ ወጥቷል፣ ጭቃው ግን አልወጣም። ጫማዬን በር ላይ ስጠርግ እማዬ "ሥራ ፈት" አለችኝ። ሥራ አለኝ እኮ! የቀበሌውን አዳራሽ መጥረግ፣ አግዳሚ መደርደር፣ የእሑዱን ውይይት ማስታወቂያ መለጠፍ... ይሄ ሥራ ካልሆነ ምንድነው? "ዘጠነኛን ብትጨርሺ ኖሮ..." ብላ ስትጀምር ወጥቼ ሄድኩ። መምህሩ ድርሰቱን ገልብጠሻል ብሎ ዜሮ ሰጠኝ፣ ወረቀቱን ፊቱ ቀድጄ ወጣሁ፣ ተባረርኩ፣ አለቀ። ራሴ የጻፍኩትን! ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

አዳራሹ አዲስ ሰው መጥቶለታል። ጓድ ሸዋጌጥ ትባላለች፣ ከአዲስ አበባ፣ ለባህልና ለውይይት ጉዳይ። ቀጭን፣ ባለመነጽር። ኦሮምኛ አንድ ቃል የላትም። ሰላም ስትለኝ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። ለጽዳት ሠራተኛ?

ጥቅምት 7

የሸዋጌጥ አዲስ ሐሳብ። እሑድ ውይይቱ ላይ ሰው ይተኛል። (እውነቷን ነው። እኔም እተኛለሁ።) የሚመጣው ለተጨማሪዎቹ ነው... ለኪነቱ ዘፈን፣ ለድራማው፣ ለጥያቄና መልሱ፣ ለሽማግሌው ለኦቦ ዋጋሪ የሂቦ ጨዋታ። ስለዚህ እያንዳንዱ ካለቀ በኋላ ሣጥን ይዞራል፣ ሰው የመሰለውን ጽፎ ይከታል። እኛ ደረጃ እናወጣለን። የመጨረሻው ይቀራል።

ሊቀመንበሩ ጋሼ ወልደዮሐንስ "ጥሩ ነው" አሉ። እሳቸው ሁሉንም ጥሩ ነው ይላሉ።

ደረጃ የሚባል ነገር ሆዴ አይወደውም። ሣጥኑን ግን ከሳሙና ካርቶን ሠራሁት። ቆንጆ ሆነ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ኦቦ ዋጋሪን ልጃቸው ሞረዳ ደግፎ አመጣቸው። ከሠፈራቸው ከባኬ ጃማ እስከ አዳራሹ ዳገት ነው። ጉልበታቸው እምቢ እያለ፣ እየቆሙ፣ እየተነፈሱ... ሸዋጌጥ በር ላይ ቆማ ስታያቸው ፊቷ ልውጥ አለ። "ምን ሊያደርጉ ነው የሚመጡት?" አለችኝ። ሂቦ እንቆቅልሽ ማለት ነው፣ በኦሮምኛ ነው የሚጠይቁት አልኳት።

መድረኩ ላይ ሲቀመጡ ሌላ ሰው ናቸው። "ሂቦ!" ሲሉ አዳራሹ ባንድ አፍ ይመልሳል። መልሱ ሲጠፋብን እንደ አማርኛው ነው፣ ያላወቀ አገር ይሰጣል። አንዱ ጊዳ አያናን ሰጣቸው፣ አልፈልግም አሉ። የኛን ነቀምቴን? "ጭቃዋን ለራሳችሁ" አሉ፣ ሰው ፈነዳ። በመጨረሻ ሁሉም "ቢላ! ቢላን ውሰድ!" ሲላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀበሉ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። መንደራቸው ቢላ አጠገብ ነበር። አምና በመንደር ምሥረታው ቤታቸው ፈርሶ ነው ሞረዳ ወደዚህ ያመጣቸው።

ሞረዳ ልብስ ሰፊ ነው። ከውጪ አብረን ስንቆም እንዲህ አለኝ፤ "ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግድግዳ ነው የሚያየው። አይናገርም። እሑድ ብቻ ነው አባቴ የሚሆነው።"

 ሣጥኑን ላዞር ገባሁ።

ጥቅምት 10

ወረቀቶቹን በየዝግጅቱ ለይቼ በክር አሰርኩ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። "ድራማው ላይ የሞተው ሰውዬ ቶሎ ይሙት።" "ያቺ ዘፋኝ ባል አላት ወይ?" ሣጥኑን ራሱን የሚሰድብም አለ። "ዘፈንና ድራማ ባንድ ሚዛን ይለካል? በየዓይነቱ ለዩት።" "ሣጥኑን የያዘችው ልጅ ታፈጣለች፣ ፈርተን ጥሩ አልን።" (እኔ? አፈጣለሁ?) አንዱ ደግሞ "መጻፍ የማትችለው እናቴ በምን ትናገር? ይህን የጻፍኩት እኔ ልጇ ነኝ" ይላል። እውነት ነው።

የኦቦ ዋጋሪ ጥቅል ቀላል ነበር። ጋሪ፣ ጋሪ፣ ባዬ ጋሪ፣ ጋሪ። አንደኛ ናቸው። አስሬ ለሸዋጌጥ ሰጠኋት።

ጥቅምት 12

ማስታወቂያው ወጣ። ዘፈን አንደኛ። ድራማ ሁለተኛ። ጥያቄና መልስ ሦስተኛ። "ሂቦ፣ ለጊዜው የቀረ።"

የቀረ?!

የሸዋጌጥ ቢሮ ገባሁ፣ ሰው ሞልቶ ነበር። አላየሁም። "የሸዋ ጌጥ፣ መነጽሩም ለጌጥ ነው?" አልኳት።  መነጽሯን አወለቀች። ልታስረዳኝ አፏን ስትከፍት እኔ ደግሜ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። "ስትረጋጊ ነይ" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። አግዳሚውን በእርግጫ መታሁት። አውራ ጣቴ አብጧል።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

አልገባሁም። በመስኮት አየሁ። ሰውዬው ድራማው ላይ አሁንም ቶሎ አልሞተም። ከኋላ አንዱ "ሂቦ!" አለ፣ ማንም አልመለሰለትም።

ሞረዳ ቤት ሄድኩ። ኦቦ ዋጋሪ የእሑድ ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ግድግዳው ዞረዋል። "አካም ጅርቱ፣ አካኮ?" አልኳቸው፣ እንደምን አሉ አያቴ ብዬ። አልዞሩም። ሞረዳ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቁሞ "ሂቦውን ሰው ጠላው እንዴ?" አለኝ።

"ሰው ወዶታል። በእጄ ነው የለየሁት።"

"ታዲያ?"



ጥቅምት 18

ወፍጮ ቤት ጋሼ ወልደዮሐንስን አገኘኋቸው። ሸዋጌጥን ሰደብሻት ብለው ሊቆጡኝ ጀመሩ። ደግ ሴት ናት፣ ሽማግሌው ዳገቱን ሲወጡ አይታ አንጀቷ ተላውሷል፣ ሰዉም አዝኖላቸው በወረቀት ሁሉ ጋሪ ይምጣላቸው ብሏል፣ ስለዚህ ጋሪ እስኪመጣ እቤታቸው ይረፉ ብላ ነው አሉ። ለአውራጃው ጽፋለች። አንድ ጋሪም አይደለም፣ ብዙ። "ባዬ" ምንድነው ብላ ዘበኛውን ጠይቃው "ብዙ" ብሏታል።

ጋሪ!

የዱቄቱ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪወርድ። "ጋሼ፣ እርስዎ ወረቀቶቹን አይተዋቸዋል?" አላዩም። የሷን ደብዳቤ ብቻ አይተው "ጥሩ ነው" ብለው ፈርመዋል። ኦሮምኛ እንደ ውኃ የሚጠጡት ሰውዬ! ስነግራቸው ዱቄቱ ላይ አጠገቤ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸው።

ነገሩ እኮ አሁን እጄ ላይ ነው። እሑድ አዳራሽ መሃል ብናገረው ዕድሜዋን ሙሉ "ጓድ ጋሪ" ትባላለች። ምላሴ ላይ ደርሷል፣ ይጣፍጣል።

ግን አዝና ነው። አንብባ፣ የገባት መስሏት... የኔም መምህር እንደዚያ ሆኖ ይሆን? እኔስ አስረዳሁት? ቀደድኩ እንጂ።

ጋሼን ለማንም አይናገሩ አልኳቸው። "ጥሩ ነው" አሉ።

ጥቅምት 19

ቢሮዋ ብቻዋን ነበረች። ይቅርታ ልል ነበር የሄድኩት፣ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

"እንቆቅልሽ።"

ቀና ብላ አየችኝ።  "ምን አውቅልሽ?"

"በአማርኛ ፈረስ ይጎትተዋል፣ በኦሮምኛ ሰው ይመሰገንበታል።"

አሰበች። የምር አሰበች፣ እስክሪብቶዋን እየነከሰች። አላውቀውም፣ አገር ልስጥሽ አለች። ቢላን ስጪኝ አልኳት፣ ለኔ አይደለም፣ ለኦቦ ዋጋሪ። ከዚያ መልሱን ነገርኳት። በኦሮምኛ ጋሪ ማለት ጥሩ ማለት ነው። ባዬ ጋሪ፣ በጣም ጥሩ።

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል... ለካ ሳቅ ነው። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዓይኗ ቀልቶ ነበር። "እሳቸው ምን ሆኑ?" አለች። ግድግዳውን ነገርኳት። ተነስታ ጃኬቷን አነሳች። ሞረዳ ቤት አብረን ሄድን። የተናገረችውን ሁሉ እኔ ነኝ ወደ ኦሮምኛ የመለስኩት፣ ጋሪውን ጨምሮ። ኦቦ ዋጋሪ ዞረው አዩዋት። መጀመሪያ ጥርሳቸው ታየ፣ ከዚያ ሳቃቸው ተሰማ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ደረጃው ቀርቷል። ዝግጅቱ በየዓይነቱ ነው የሚወጣው፣ ዘፈን ከዘፈን፣ ጨዋታ ከጨዋታ። መጻፍ የማይችል እጁን አውጥቶ ይናገራል። ሣጥኑንም የሚያዞረው ሌላ ሰው ነው፣ እኔ አፈጣለኋ።

ኦቦ ዋጋሪ "ሂቦ!" ሲሉ አዳራሹ ተነቃነቀ። ቢላን አሁንም ወሰዱ።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ጋሪው መጣ! ከአውራጃ። አንድ ብቻ፣ ያለ ፈረስ። ሸዋጌጥ ልትደበቅ ፈለገች፣ ጋሼ ወልደዮሐንስ "ጥሩ ነው" አሉ።

ሞረዳና የሠፈር ልጆች ኦቦ ዋጋሪን ጭነው ዳገቱን እየገፉ አመጧቸው። አንዱ ጎረምሳ ከኋላዬ ሆኖ "የተባረረችው መጣች" አለ። ድሮ ቢሆን ጥርሱን... አልፌው ሄድኩ። ለሱ የሚሆን ጊዜ የለኝም። ነገ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። መምህሩን እዚሁ ፊትህ ቁጭ ብዬ ሌላ ድርሰት ልጻፍ እለዋለሁ። እምቢ ካለ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ። ለእማዬ አልነገርኳትም።

አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ሸዋጌጥ ሮጣ ሄደች። በዚያ በአዲሱ ኦሮምኛዋ "አካም፣ አካኮ?" አለቻቸው።

የጋሪውን ጠርዝ መታ መታ አደረጉና "ጋሪ" አሉ።

ወደኔ ዞረች። "የቱን ነው ያሉት?"

አሰብኩ። የምር አሰብኩ።

"አላወቅኩትም፣ አገር ልስጥሽ" አልኳት።