በእኩል ሞተር

የካቲት 15፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡00

ክርኔ ተልጧል፣ እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ደስ ብሎኛል! ስሚኝ ደብተሬ፦ የካርት፣ የትንሿ የውድድር መኪና፣ ክለባችን አዲስ ክላስ፣ አዲስ የውድድር ምድብ ከፈተ። የፎር ስትሮክ ሞተር። ሞተሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ የታሸገ። መፍታት የለ፣ መነካካት የለ። የውድድሩ ጠዋት ዕጣ ታወጫለሽ፣ የደረሰሽን ትገጥሚያለሽ። አለቀ!

ዛሬ ሞከርኩት። ቀጥታው ላይ አሮጌዋ ቱ ስትሮክ ሞተሬ ትቀድመዋለች፣ አልዋሽሽም። ድምፁም የሳር ማጨጃ ነው። ግን ከኩርባ ሲወጣ፣ አቤት አጎታተት! ሃያ ዙር ነዳሁ፣ አንዴ እንኳ መፍቻ አላነሳሁም። የኔዋ ብትሆን እስካሁን ሁለት ካንዴላ በልታለች።

መካኒካችን ኦቲዬኖ ከነካርቱ መዘነኝ። በደንቡ ነጂና ካርት ተደምረው ከተወሰነው ኪሎ ማነስ የለባቸውም፤ ቀላል ሰው መቀመጫው ላይ ብረት ያስራል። እኔ ብረት አያስፈልግሽም ተባልኩ፣ ልክ ነኝ። ምን ይገርማል? ቅበላ ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ከወንድሜ ከዮናስ ምግብ ቤት አልጠፋሁም። ክትፎ፣ ጥብስ፣ እንደገና ክትፎ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ፣ ዌስትላንድስ፣ ቢሮ

ጾም ሁለተኛ ቀን። ራሴን ያመኛል። አለቃዬ እያየችኝ ነው፣ ባጭሩ ልጻፍ።

ዮናስ ደወለ። አራት ዓመት ስትሸነፊ ሰበብሽ የሰው ሞተር ነበር፣ አሁንስ ምን ልትይ ነው አለኝ። ምላስ! ሰበብ ብቻ እኮ አልነበረም። ገንዘብ ያለው ሞተሩን በየወሩ ያሠራል፣ እኔ ደሞዝተኛ ነኝ። ተናድጄ ማልኩለት፦ በእኩል ሞተር ከአምስተኛ በታች ከወጣሁ ካርቱን እሸጣለሁ። ከነሄልሜቱ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፈራሁ። ችግሩ እኔ ብሆንስ?

መጋቢት 19፣ ዓርብ፣ ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ

ነገ ነው! መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ሰፈሬ ኪሊማኒ መቼ እንደምንደርስ እንጃ። ሰው ይነጫነጫል፣ እኔ በሐሳቤ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ነኝ።

ትናንት የመንጃ ቱታዬን ለካሁ። ሰፋኝ! ወገብ አወጣሁ። የቢሮ ልጆች ምን ዓይነት ዳይት ነው እያሉ ሞቱ። ሽሮ ነው አልኳቸው።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ፣ 9፡30፣ ካርት ማቆሚያው ጋ

ሁለተኛ!!!

ዕጣ ቁ. 6 ደረሰኝ። ያው ሞተር፣ ያው ጎማ። ሁልጊዜ ጥሎኝ የሚሄደው የፓርክላንድስ ሰፈሩ ሰውዬ ዛሬ ከኋላዬ ነበር። ስድስት ዙር ሙሉ ተለጥፎብኝ አላሳለፍኩትም። ችግሩ እኔ አልነበርኩም! መንዳት እችላለሁ! እያለቀስኩ ነው የምጽፈው። ሚዛን ላይ ጠሩኝ፣ መጣሁ።

11፡00

ተሰረዝኩ።

ከደንቡ ሁለት ኪሎ አነስኩ። ኦቲዬኖ ፖሌ፣ ፖሌ፣ አይዞሽ እያለ ደግሞ መዘነኝ፣ ያው ነው። ታመሽ ነበር ወይ አለኝ። ጾም ላይ ነኝ አልኩት። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ በሥራ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም የለም፣ ይኸው አምስተኛ ሳምንቴ። ለምን አልነገርሽኝም አለ። ምን ብዬ ልንገረው? የመዘነኝ እኮ ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ክትፎውን ነው የመዘነው! በገዛ እጄ!

ዮናስ ሊያየኝ መጥቶ ነበር። ሲጮህ ውሎ ድምፁ ተዘግቷል። ሳያሾፍብኝ ልቅደመው ብዬ፣ የውጤቱ ወረቀት ላይ የለሁም፣ መሐላ መሐላ ነው፣ እሸጠዋለሁ አልኩት። አንቺ የማልሽው በእኩል ሞተር ነው፣ በእኩል ሆድ አላልሽም አለኝ። ሳቅ ገደለን። ደግሞ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሁለተኛ ነሽ አለ። ዮናስ! እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ይኸው ቆረጥኩ። አሮጌዋን ሞተር ለሽያጭ አወጣኋት፣ ከፋሲካ በፊት ላለው የሚያዝያ ውድድር አዲሱ ክላስ ላይ ተመዘገብኩ። ጾሙን አልገድፍም። ኦቲዬኖ ብረቱን ይዞ መጣ፣ ሁለት ኪሎ ይበቃል ወይ አለኝ።

ሦስት አድርገው አልኩት። ፋሲካ ገና ነው።