የዳኛው መሳቢያ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለዳኛው፦

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ውሸት ሰልችቶኛል። ደህና አይደለሁም። እማዬም ደህና አይደለችም። ሐኪሙ ከእንግዲህ መርፌው ማድከም ብቻ ነው፣ ይዘሻት ግቢ ብሎኛል። ስልክህን ከቀየርክ ሦስት ዓመት ሆነ፤ ለደብዳቤዎቼም መልስ ሳትሰጥ የውሃ ሽታ ሆነህ ቀረህ። ይህንንም ታነበው እንደሆነ አላውቅም። ግን ለማን ልንገረው?

የገጠሩ ቤታችን ሊፈርስ ነው። አዲሱ መንገድ በላዩ ያልፋል። ቅዳሜ ዕቃ ላወጣ ሄጄ ነበር። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አውቶቡስ ከመንዳት በሚያርፍባቸው ቀናት በገዛ እጁ ያቆመው ግድግዳ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት አድርገውበታል። የበረንዳው ሦስተኛዋ ጣውላ አሁንም ስትረገጥ ትጮኻለች። ትዝ ይልሃል፣ ትምህርት በተዘጋ ማግስት ፍራሾቹን ፀሐይ ላይ ስናሰጣ? ወንዝ ዳር ኳስ ስንጫወት ዳኛ ሆነህ ያንን ቢጫ ፊሽካህን እየነፋህ በየደቂቃው ስታስወጣኝ? ማንም ይምታ ማን፣ ጥፋተኛዋ ሁሌም እኔ ነበርኩ። አሁን ሜዳውን ሣር ውጦታል። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ ኮመዲኖውን ከፈትኩ። ሕጋችንን መቼም አልረሳህም። የእረፍቱ ጊዜ አልቆ ወደ ከተማ ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ዕቃ በየመሳቢያችን ትተን እንሄዳለን፤ የሰው መሳቢያ መክፈት ክልክል ነው። "ዕቃውን የተወ ይመለሳል" ትለን ነበር እማዬ። በአባባ መሳቢያ የጺም መላጫ ብሩሹ አለ። በእማዬ ማበጠሪያዋ፣ በእኔ ያንድ እግር ነጠላ ጫማ። ያንተን ስስበው ባዶ ነው። አውጥቼ ገለበጥኩት፣ አራገፍኩት። ምንም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አገር ለቀህ ልትሄድ ሳምንት ሲቀርህ እዚያ አብረን ሰንብተን ስንመለስ፣ ፊሽካህን ይዘህ ነው የወጣኸው። ያኔውኑ ቆርጠህ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ቀን ስቆጥር።

ስመለስ እማዬ ገና ከበር "የልጄ ፊሽካ አለ?" አለችኝ። ዓይኗ ማየት ካቆመ ሰነበተ፤ ጆሮዋ ግን እርምጃዬን ይለያል።

"አለ እማዬ።"

"እንግዲያው ይመጣል። ሲመችሽ አምጪልኝ፣ ልዳብሰው።"

ምን ላድርግ? ሰኞ አንድ ፊሽካ ገዛሁ። አንተ አፉን እያኘክ ታበላሸው እንደነበር ታውቃለች ብዬ፣ የምሠራበት ፋርማሲ ጓዳ ገብቼ ፕላስቲኩን በጥርሴ ስቀረጣጥፍ ዋልኩ። ባልደረባዬ አይታኝ "ምነው፣ ምሳ አልበላሽም እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ።

እማዬ በጣቷ ዳበሰችው። ቆይታ ቆይታ "ይሄ ያንቺ ጥርስ ነው" አለች። "የተሸረፈው የፊት ጥርስሽ። እሱ በመንጋጋው ነበር የሚያኝከው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ይቅር በይኝ እማዬ..."

"ሲሄድ ሻንጣውን ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ። ፊሽካው ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት። መልሼ ጠቀለልኩለት።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ይመጣል፣ ይመጣል የምትይው?"

"አንቺ እንድትጠብቂው ነዋ። እኔ ስሄድ ብቻሽን የቀረሽ እንዳይመስልሽ።"

ይኸውልህ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔ "ሥራ በዝቶበት ነው" ስላት፣ እሷ "ይመጣል" ስትለኝ፣ ስንደባበስ ኖረናል። ያን ቀን ሁለታችንም እህል አልቀመስንም። የእኔን ፊሽካ ግን አልጣለችውም፤ ትራሷ ሥር አድርጋዋለች።

ና አልልህም። የፊታችን ሰኞ ቤቱ ይፈርሳል፤ የእሷም ቀን ሩቅ አይመስለኝም፤ አትደርስም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። የእኛ ስልክ ቁጥር ያው የድሮው ነው። ደውልና ፊሽካህን ንፋላት። መናገር አይጠበቅብህም፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደርግላታለሁ።

ከጣልከው ግን ሌላ ገዝተህ እንዳትነፋ። ትለየዋለች።

ያለህበት ምድር አይክፋብህ፤ ደጅህን ደግ ሰው ያንኳኳው።

እህትህ፣ እታለም