በተበጠሰው መስመር ላይ ስለታየው ብርሃንና ስለ ክፍል ኃላፊያችን ሕልፈት

ለሠራተኞቻችን፣ ለደንበኞቻችንና ለሕዝብ፤

የኦፕቲካል ማስተላለፊያ ክፍል ኃላፊያችን፣ ሁላችንም «እትዬ ጭላንጭል» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ጣቢያችንን ከገደሉ ማዶ ካለው ጣቢያ ጋር የሚያገናኘውንና መልእክትን በብርሃን የሚያስተላልፈውን የፋይበር ኬብል፣ በገደሉ መንገድ ላይ ተጎድቶ በማስጠገን ላይ ሳሉ ናዳ ደርሶባቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ድርጅቱ ይህን ሲያረዳ ሐዘኑ ከባድ ነው።

በ1995 ዓ.ም. በጀማሪ ቴክኒሺያንነት ተቀጠሩ። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት ወደ ወዲያኛው ጣቢያ ሲደውሉ «ጭላንጭል አለ?» ከማለት ሌላ ሰላምታ ስለማያውቁ ነው።

በ2001 ዓ.ም. በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለውን መስመር በሰከንድ ከመቶ ሃምሳ አምስት ሜጋቢት ወደ ሁለት ነጥብ አምስት ጊጋቢት ያሳደገውን ሥራ መርተዋል።

በ2009 ዓ.ም. ጎርፍ ኬብሉን ጎድቶት ብርሃኑ ሲዳከም፣ አለቆች መስመሩ ይዘጋ አሉ። እሳቸው «ደከመው እንጂ አልሞተም፤ ፍጥነቱን ቀንሱለት» ብለው ተከራከሩ። መስመሩም በዝቅተኛው ፍጥነት፣ በሰከንድ በሃምሳ አንድ ሜጋቢት፣ የሆስፒታሉን ጥሪ ሲያደርስ ሰነበተ።

ስለ ማክሰኞ ዕለት የሚወራውን ከሰው አፍ ከምትሰሙ ድርጅቱ ራሱ ሊነግራችሁ ወስኗል። ናዳው ኬብሉን በጥሶታል። ሆኖም ከሰዓት በኋላ በክፍላቸው ያለው የመስመሩ መቀበያ መሣሪያ ብርሃን እየደረሰው መሆኑን ያሳይ ጀመር፤ ፍጥነቱም ያው በጎርፉ ጊዜ የነበረው ዝቅተኛው ነበር። የፈረቃው ቴክኒሺያን ወደ ጥገና ቡድኑ መሪ ደወለ።

«ቀጠላችሁት እንዴ?»

«ምኑን? ጫፉን እኮ በእጄ ይዤዋለሁ።»

«ብርሃን አለ።»

መሪው የኬብሉን ጫፍ አገላብጦ አየው። «በናትህ አትቀልድ። ገና አሁን አስከሬናቸውን ማውጣታችን ነው» አለ።

መቀበያው በሌላ ተተካ። ለውጥ የለም። ድምፅም መልእክትም አልያዘም፤ ብርሃን ብቻ ነበር።

በማግስቱ መሣሪያው እንዲጠፋ ታዘዘ፤ እጁን የሚዘረጋ ግን ጠፋ። በወዲያኛው ጣቢያ የሚሠሩት ታናሽ እህታቸው ከቀብር መልስ በቀጥታ መጥተው፣ «እታለምን ሳልሰናበታት ማንም እንዳይነካው» አሉ። ክፍሉ ተለቀቀላቸው። በበሩ መስታወት በኩል እንደታየው፣ መሣሪያው ፊት ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ሳቅ አሉ። አሁንም አዳመጡ። ሲወጡ ዓይናቸው አብጦ ነበር።

«በቃ፣ አጥፉት» አሉ።

ቴክኒሺያኑ ሲገባ መቀበያው ላይ ምንም ብርሃን አልነበረም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለታናሽ እህታቸውና አብረዋቸው ገደሉ ላይ ለዋሉት የጥገና ባልደረቦች ልብ የሚያሳርፍ መጽናናት እንመኛለን። አዲስ ኬብል ተዘርግቶ መስመሩ ወደ ሙሉ ፍጥነቱ ተመልሷል። በዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደተባባሉ ድርጅቱ እህታቸውን አልጠየቀም፤ ሌላም ሰው እንዳይጠይቃቸው በአክብሮት ያሳስባል።