በአረንጓዴው ብቻዬን ስሻገር

ለተከበሩት ወንድሜ ለአቶ ላቀው፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ሄርሜላ፣ ለልጆቻችሁም በየማዕረጋችሁ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ትናንት አዲስ አበባ፣ ጎፋ ሰፈር አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ የእግረኛው መብራት ቀይ ስለነበር ቆሜ ጠበቅሁ። ሕዝቡ ግን ተያይዞ በቀዩ ተሻገረ። በልቤ ታዘብኋቸው። አረንጓዴው ሲበራ ኮራ ብዬ ብቻዬን ገባሁ፤ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሚኒባስ ለጥቂት ሳተኝ። አስቴር የተባሉ እናት ክንዴን ይዘው ጎትተው አወጡኝ።

«ጋሼ፣ ከየት ነው የመጡት? መብራት አምነው ይገባሉ እንዴ!»

«ከክፍለ ሀገር ነኝ። እኛ ዘንድ መብራት ገና ሊተከል ነው።»

«ታድላችሁ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ንቀነው አይደለም። በአረንጓዴው የሚታጠፈው መኪና ይመጣብናል። በቀዩ መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው ሲቆም፣ ሰብሰብ ብለን እናልፋለን። ጎረቤቴ ሚካል የተገጨችው በአረንጓዴ ስትሻገር ነው። እስከ ዛሬ በክራንች ትሄዳለች።»

ወንድሜ፣ እኛ መብራቱን የምንተክለው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። ልጆቹን «አረንጓዴ ሲበራ ተሻገሩ» ብለን የምናስተምረው እኛው ነን። ስለዚህ ልጆቹ ሲሻገሩ የሚታጠፈውም መኪና በቀይ እንዲቆም ካልተደረገ፣ በተከላው ዕቅድ ላይ አልፈርምም። እርስዎም በከተማችን ምክር ቤት ከጎኔ እንዲቆሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላ። ወይዘሮ ሄርሜላ ስለሰነቁልኝ ዳቦ ቆሎ እጅግ አመሰግናለሁ። ለመጪው ጉባኤ ጤናና የተቃና ሥራ ከልብ እመኛለሁ።

አክባሪዎ ምትኩ