ለጉበቴ የተሰጠ ቀኖና

የሻረግ፣

እስክሪብቶውን የያዙት የንስሐ አባታችን ቄስ ምናለ ናቸው። እኔ ፊደል እንደማልለይ ታውቂያለሽ። ልጃችን አድማሱ «እኔ ልጻፍልዎ» ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልሁ። ካንቺ ጋር ሆነው ያታለሉኝ እሳቸው ናቸውና ቃሌን በገዛ እጃቸው ይጻፉት።

በሞት ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ቤቱ እንደቆመ ነው። ቀይዋ ላም ወልዳለች። አድማሱ የጓሮውን ድንች ማሳ ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ተከለበት፤ አሁን ደግሞ በጥርባ በኩል ያለውን እርሻ ልትከለው ይላል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት የጎኔ ውጋት የተመለሰ መስሎኝ እንጅባራ ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ሆዴን ቅባት ቀብታ በመሣሪያ አየችኝ፤ የድሮ ካርዴንም አገላበጠች። «አባባ፣ ጉበትዎ ላይ የነበረው ስብ ጠፍቷል። ክብደት ካልቀነሱ ጉበቱ ይበላሻል ብለን ለባለቤትዎ ነግረናቸው ነበር፤ ጎበዝ ሴት ናቸው!» አለችኝ። እኔ ስለ ስብ ሰምቼ አላውቅም። አንቺ መጀመሪያ ለውጋቴ እንጅባራ የወሰድሽኝ ቀን ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ «ጨጓራ ነው አሉ» ነው ያልሽኝ።

ያን ሰሞን የታናሽ ወንድሜን የድንበር ድንጋይ ነቅዬ ሦስት ትልም ገፍቼ ማረሴን ለአባ ተናዝዤ ነበር። ወንድሜ ሞቷል፤ መሬቱ የመበለቲቱ ነው። አባ «መልስ» አሉኝ። መሬትስ አልመልስም፣ ቅጣቴን ይስጡኝ አልሁ። (ይህችን «ልጻፋት ወይ?» ብለው አባ አሁን ጠየቁኝ። እውነት ናት፤ ይጻፏት።) ከእንጅባራ በተመለስን በሦስተኛው ቀን አባ ቀኖናዬን ይዘው ቤታችን መጡ። ዓመት ሙሉ፣ ፍስክም ቢሆን፣ ቅቤና ጮማ እንዳልቀምስ፣ ጠላና አረቄ እንዳልጠጣ፣ በቀን ከአንድ እንጀራ እንዳላልፍ፣ ቤተ ክርስቲያንም በፈረስ ሳይሆን በእግሬ እንድሄድ።

እኔ እኮ ቦርጬ ከኮርቻው ቀድሞ የሚታይ ሰው ነበርሁ! ቀበቶዬን ሦስት ጊዜ በሳሽው። ለጥር ጊዮርጊስ አገሩ ሁሉ ፈረሱን ሸልሞ ሲወጣ እኔ ከአሮጊቶች ጋር አቧራውን ዋጥሁ። ጥሊሊ ገበያ ላይ «ምን በሽታ ያዘው» ተባልሁ፤ አንዱማ «ፈረሱ ጌታውን በላው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ለነፍሴ ነው ብዬ ቻልሁት።

አንቺም ቅቤውን አብረሽኝ ተውሽ። «ብቻህን አትቀጣም» አልሽኝ። ከአንድ ትሪ ስንበላ ጎመኑን ወደኔ ትገፊያለሽ፣ እንጀራውን ወደ ራስሽ ትስቢያለሽ። እኔ ሞኙ ራበሽ ብዬ እተውልሽ ነበር።

ዓመቱ የሞላ ዕለት ከወንድሜ ጋር ታረቅሁ ብዬ አለቀስሁ። እንዲያ ሳለቅስ አይተሽ አታውቂም። እንባዬን በነጠላሽ ጠርገሽ «እግዚአብሔር ይቀበልልህ» አልሽኝ። ምኔን ነው የሚቀበለኝ? ጎመኑን? እያወቅሽ!

እውነቱን ብነግረው አይሰማኝም ብለሽ ይሆናል። አዎ፣ አልሰማም ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኗን ልጅ ስለ ጮማ ብታነሳብኝ ከደጄ መልሻታለሁ። ቢሆንም ጉበቴም የኔ ነው፣ ኀጢአቴም የኔ ነው። አንዱን ስታድኚ ሌላውን አራገፍሁት ብዬ እንድተኛ አደረግሽኝ። እንዲሁ ብሞት ኖሮ ወንድሜ ፊት ቆሜ ምን ልለው ነበር? ስላንተ ከሳሁ ልለው?

አድማሱ ሊተክል የሚለው እነዚያን ሦስት ትልሞች ጨምሮ ነው። ዛፍ የገባበት ድንበር ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ድንጋዩን ነቅዬ ወደ ጥንት ቦታው እወስደዋለሁ። መበለቲቱ ቆማ ታያለች፤ አባም ይቆማሉ፣ ግዴታቸው ነው። አድማሱ ልሸከምልዎ ቢል አልሰጠውም። በቦርጬ ጊዜ እንኳን ድንጋይ ጫማዬንም ጎንበስ ብዬ አላነሳም ነበር። አሁን አነሳለሁ። ለዚህች አመሰግንሻለሁ። ለሌላው ተቀይሜሻለሁ፤ እዚያው ስንገናኝ ትመልሺልኛለሽ።

እስከዚያ አልረሳሽም። ውሸትሽንም፣ ወደኔ የገፋሽውን ጎመንም።

በሉ አባ፣ ያንብቡልኝ። ስምዎ ያለበትን እንዳይዘሉ።