ሙሽራው ሱሪ ያጣበት ሳምንት

እሑድ፣ ጥር 14

ቲኬቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከዚህ መጀመር አለብኝ፤ ሌላ ሌላውን ካስቀደምሁ እዋሻለሁ።

የጎረቤቴ የእትዬ ብርቄ ልጅ አበጀ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣም ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዘጌ በታንኳ የሚመጣ እንጨት እያወረደ እናቱን የሚረዳ። ወጣቱን ለጦርነት የሚያፍሱበትን አፈሳ ፈርቶ ጓሮ ለጓሮ ሲል ከረመ፤ ለጥምቀት እንኳ ታቦት አልሸኘም። ዓርብ ዕለት በአጥሩ ላይ ጠራሁት።

«ነገ ቲያትራችን ይከፈታል፤ ለወጣት በነፃ ነው። ና ሳቅ እንጂ፣ ሰው እንዲህ ታፍኖ ይኖራል?» አልሁት።

«ቢይዙኝስ?»

«ቲያትር ቤት ውስጥ ማን ይነካሃል!»

ቲኬቱንም በአጥሩ አቀበልሁት። ይኸው ነው ያልሁት። ቃል በቃል።

ትናንት ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የየቀበሌው የኪነት ቡድን ቅዳሜ ቅዳሜ እየተፈራረቀ ኮሜዲና የሙዚቃ ቲያትር የሚያሳይበት ወራት ነው። መክፈቻው የእኛ፣ የዓባይ ማዶዎቹ «ሙሽራው ሱሪ አጣ» ሆነ። እኔ አማቲቱ ነኝ፤ ልጄን ላለመዳር የሙሽራውን ሱሪ የምደብቅ። መቀመጫዬ ላይ ትራስ አስሬ ዘፍ ብዬ ስወድቅ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አበጀን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አየሁት፤ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ሲያልቅ መሪያችን ጓድ አስናቀ «ከመጋረጃው ጀርባ ቆዩ፣ ፎቶ እንነሣለን» አለን። ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረም። ጩኸት ሰምቼ በጎን በር ወጣሁ፤ ትራሱ እንደታሰረ ነው። በግቢው በር ሦስት ካሚዮን ቆሟል፤ አብዮት ጥበቃዎች ከበውናል። ሰውን በአንድ በር ብቻ፣ አንድ ባንድ ነው የሚያስወጡት። ሴትና ሽማግሌ ወደ መንገድ፣ ወጣት ወደ ካሚዮን።

አበጀ ካሚዮኑ ላይ ሆኖ አየኝ። «እትዬ ጥሩ፣ ለእማዬ ንገሪልኝ» አለኝ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገርኋቸው። እትዬ ብርቄ ስንዴ እየለቀሙ ነበር። ሰሙኝና መልቀማቸውን ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው ሰፌዱን ከነስንዴው ወረወሩት።

ሰኞ፣ ጥር 15

ስፌት ማኅበራችን ውስጥ ዛሬ መኪና እንጂ ሰው አልተናገረም። ሌላ ጊዜ አማቲቱን አስመስዬ አንድ ነገር ካልተናገርሁ ሥራ አይጀመርም ነበር።

ረፋድ ላይ አንዲት ደንበኛዬ መጣች። ለልጇ ሠርግ ቀሚስ ልሰፋላት ቆርጬላት ነበር። ቁርጥራጩን ከፊቴ አፈሰች። «ሙሽራው ካሚዮን ላይ ነው። ከአንቺም እጅ ምንም አልፈልግ» ብላኝ ሄደች። መርፌው አልተሰበረም፣ ክሩ አልተበጠሰም፤ እኔ ግን እስከ ምሳ ሰዓት አንድ እጅጌ መግጠም አቃተኝ።

ልጆቹን ያጎሯቸው ከከተማው ዳር አንድ መጋዘን ውስጥ ነው። እትዬ ብርቄ አገልግል ይዘው ሄዱ። ከኋላ ከኋላቸው ተከተልሁ። «ልያዝልዎ» ብላቸው አገልግሉን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩት። በሩ ላይ የእናቶች መዓት። ዘበኛው አላስገባንም፤ ምግቡንም አልተቀበለ። ተመልሰን ድልድዩ ላይ ስንደርስ አገልግሉን እንደታሰረ ለአንድ ለማኝ ሰጡት።

በማን ነው የተናደድሁት? በአስናቀ። አኮርዲዮኑን አንግቶ ዝም ባለው በሙዚቀኛችን በሰይድ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት በተንከባለልሁት በራሴ። ለካ እኔ ነኝ ወጥመዱ ላይ የተደረገች ጥሬ።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ልምምድ ተጠራን። ቀጥ ብዬ ወደ አስናቀ ሄድሁ።

«ጓድ አስናቀ፣ ያውቁ ነበር?»

«ምኑን?»

«አያላግጡብኝ።»

የያዘውን ወረቀት አጠፈ። «አገር ጦርነት ላይ ናት። የወንድሜ ልጅም ካሚዮኑ ላይ ነው። እኔ አለቀስሁ?»

«እንግዲያውስ ጭራሽ የባሱ ነዎት» አልሁት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

አልተቆጣም፤ ያ ነው ያናደደኝ። ይልቅ ሁላችንንም ሰብስቦ «ሕዝቡ ስለወደደው በመጪው ቅዳሜ ይደገማል፤ አሁንም ለወጣት በነፃ» አለ። በድምፅ ማጉያ መኪና ይለፈፋል አለ።

«እኔ አልሠራም» አልሁ።

«ታመሻል?»

«አዎ።»

«የሐኪም ወረቀት ታመጫለሽ። ካላመጣሽ ግን ጓዲት ጥሩወርቅ፣ የምትሰፊበት መኪና የማኅበሩ መሆኑን እንዳትረሺ። እንቢታ ደግሞ አሻጥር የሚባል ሌላ ስም አለው፤ የሚያድርበት ሌላ ቤትም አለው።»

ሰይድ ጥግ ላይ ተቀምጦ የአኮርዲዮኑን ቀበቶ ያስተካክላል። ዐሥር ጊዜ አስተካከለው። ቀና ብሎ ቢያየኝ ምን ነበረበት? ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ!

ረቡዕ፣ ጥር 17

ሰይድ ሱሪ ላሳጥር ብሎ መጣ። ሱሪው ማሳጠር አያስፈልገውም። ነጋዴ ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ገበያ ላይ የአባቱን ጨርቅ ሱቅ የያዘ፤ ይኼን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ለሌላ ነገር መምጣቱ ገባኝና ሜትሬን አንስቼ ወገቡን መለካት ጀመርሁ።

«እንቢ ብትይ ሌላ አማት ያስገባሉ፤ አዳራሹም ይሞላል» አለኝ ወለሉን እያየ። «ከሠራሽ ግን አይጠረጥሩንም፤ የአፈሳውን ቀን እናውቃለን። ሰዓቱን እናውቃለን። ጥሩወርቅ፣ ከቀበሌው ሌላ ይኼን ቀድሞ የሚያውቅ እኛ ብቻ ነን።»

እጄ ቆመ። ትናንት በልቤ የሰደብሁትን ሁሉ ዋጥሁት። ሁሉንም ግን አይደለም። «ትናንት ለምን ዝም አልህ?» አልሁት።

«ትናንት ብናገር ዛሬ እዚህ አልመጣማ።»

እናቶች ቅዳሜ ልጆቻቸውን እንዲደብቁ ልናስጠነቅቅ ተስማማን። ወረቀት የለም፣ ስብሰባ የለም። በአፍ ብቻ፣ ለእናት ብቻ። እሱ በገበያውና በመስጊዱ ሰፈር በባለቤቱ በሐሊማ በኩል፤ እኔ በደንበኞቼ።

ማታውን እትዬ ብርቄ ደጅ ሄጄ ቆምሁ። ግቢ አላሉኝም። በሩ ላይ ሆኜ ነገርኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩኝ።

«አንቺ ከምትነግሪያቸው እኔ ልንገራቸው። አንቺን ማን ያምንሻል?»

እውነታቸውን ነው። እንደ ጥፊ ነበር፤ ግን እውነታቸውን ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 18

መኪናዋ ከጠዋት ጀምራ ትለፈልፋለች። «ኑ ሳቁ! ኑ ተዝናኑ! ለወጣቶች በነፃ!» በድምፅ ማጉያው የሚሰማው የእኔ ዘፈን ነው፤ ሱሪውን ስደብቅ የምዘፍነው። ጆሮዬን በጥጥ ብደፍን በወደድሁ።

ጊዮርጊስ ስለሆነ እትዬ ብርቄ ቤተ ክርስቲያን ውለው መጡ። ስንቷን እናት እንዳገኙ አልጠየቅሁም፤ አልነገሩኝም።

እኔ ለሰባት ሴት ነገርሁ። ሰባተኛዋን ሸኝቼ ስመለስ ባሏ አብዮት ጥበቃ መሆኑ ትዝ አለኝ። ወይኔ ጥሩወርቅ! ከዚያ በኋላ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ። ሁለት ቀሚስ አበላሸሁ። ፈርቼ ነው። ፈርቼም ተናድጄ ነው፤ በገዛ ከተማዬ ለእናት «ልጅሽን ደብቂ» ለማለት እንዲህ መሆኔ!

ዓርብ፣ ጥር 19

ልጆቹን ወሰዷቸው። ማለዳ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ወደ ደቡብ የሚለው አለ፤ ወደ ማሠልጠኛ የሚለው አለ፤ በቀጥታ ወደ ግንባር የሚለው አለ። የሚያውቅ የለም።

እትዬ ብርቄ መጋዘኑ በር ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ላነሣቸው እጄን ስዘረጋ ራሳቸው ተነሡ። ወደ ቤት ይሄዳሉ ብዬ ነበር። ወደ ገበያ ሄዱ። «ያልነገርኋቸው አሉ» አሉኝ።

አስናቀ ከሰዓት ጠራኝ። «ወሬ ይወራል ይባላል።»

«ሰው መቼ ወሬ አቁሞ ያውቃል» አልሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን የሕዝቡን ጫጫታ ሰማን። ሞልቷል። ሰይድን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አለቀልን፣ አላመኑንም አልሁ በልቤ። መጋረጃውን በጣቴ ከፈት አድርጌ አየሁ።

ነጠላ። ሻሽ። ነጠላ። ነጠላ። እዚህም እዚያም ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች። ከፊት እስከ ኋላ አንድ ጎረምሳ የለም! ሐሊማ ጎረቤቶቿን አስከትላ አንድ ሙሉ ረድፍ ይዛለች። ቀሚሷን የወሰደችብኝ ሴትዮ አለች። አብዮት ጥበቃ ያገባችውም አለች፤ እናቷን ይዛ። እትዬ ብርቄ ፊት ለፊት፣ መኻል ላይ።

ልጆቹ ከንጋት ጀምሮ በታንኳ ሐይቁን ተሻግረዋል፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ እንዳያስጠረጥር እናቶቹ በእነሱ ቦታ መጥተዋል፤ በኋላ ነው የሰማሁት።

አስናቀ ገብቶ አየና ላብ አጠመቀው። «ጀምሩ!» አለ። ምን ይበል?

ጀመርን። ሰይድ ተጫወተ፣ እኔ ዘፈንሁ፣ ሙሽራው በቁምጣ ሮጠ። ማንም አልሳቀም። ወደቅሁ። ጸጥ። ያን ያህል ሴት ዝም ብሎ ሲያይሽ እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ይገባናል አልሁ፤ ከዚህ የባሰም ይገባናል።

ከዚያ ሽምግልናው ላይ ደረስን። እኔ ወደ ተመልካቹ ዞሬ፣ ወገቤን ይዤ፣ «ኧረ በዚህ አገር ወንድ የለም ወይ?» እላለሁ። ተውኔቱ ላይ የተጻፈ ነው፤ አስናቀ ራሱ ነው የጻፈው። አልሁት። ከሐሊማ ረድፍ አንዷ «የለም!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ቤቱ ፈነዳ። ሴቱ ሁሉ እርስ በርሱ እየተደጋገፈ ሳቀ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ሽማግሌው ምርኩዙን ወለል ላይ ደበደበ። ሰይድ አኮርዲዮኑ ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቅ ያልቅስ አላውቅም።

እትዬ ብርቄ አልሳቁም። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም።

ስንወጣ ካሚዮኖቹ ባዷቸውን ቆመዋል። ሴቶቹ አጠገባቸው ሲደርሱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቀስ ብለው አለፉ። ማንም አልሮጠም።

እሑድ፣ ጥር 21

አዳራሹ «ለጥገና» ተዘግቷል። የቀሩት ቡድኖች ኮሜዲም ሙዚቃዊም እንዳያሳዩ ተነገራቸው። ለእኔ ደግሞ የጥሪ ወረቀት መጣልኝ፤ ነገ ሦስት ሰዓት ቀበሌ። ለሰይድ አልመጣለትም። እስካሁን።

ከማርያም መልስ እትዬ ብርቄ ቤቴ ገቡ። በቅጡ ሳይቀመጡ «አልሳቅሁልሽም» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«ወረቀት አለሽ? ለአበጀ ጻፊልኝ።»

ጻፍሁ። ደኅና ነኝ፣ ጣራው አያፈስም፣ እንጨቱን ሌላ ሰው ያወርዳል፣ ብርድ ልብስ ሰጡህ ወይ፣ ብላ፤ እንዲህ እንዲህ ያለ። ሲያበቃ እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። «የጻፍሁት እኔ እንደሆንሁ ልጥቀስ ወይስ ይቅር?» አልኋቸው።

ደብዳቤውን ተቀብለው ፊደሉን በጣታቸው ዳሰሱት።

«እሱ እንደሁ አይቀየምሽም» አሉ። «የተቀየምሁሽ እኔ ነኝ። ጻፊው።»

ጻፍሁት።

አሁን ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ፖስታው ላይ ስሙን ጽፌ ቆሜያለሁ፤ የት ብዬ ልጻፍ? ነገ ሲጠሩኝ ምን እንደሚጠይቁኝ አላውቅም። ምን እንደሚያደርጉኝም አላውቅም። ንዴቴ ግን አልበረደልኝምና፣ እንደገባሁ ሳልቀመጥ ቀድሜ የምጠይቃቸው እኔ ነኝ፦ የእትዬ ብርቄን ልጅ የት ነው የወሰዳችሁት?