የአቶ ምቾት ኮርቻ

ለምወድዎና ለምናፍቅዎ አባቴ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃውን ሲወጡ የሚጮኸው እሱ ነው ወይስ አሁንም እርስዎ ነዎት? ዓይንዎስ? መርፌ ላይ ክር ለማስገባት አሁንም እማማን ይጣራሉ ወይስ እኔ የላክሁልዎት መነጽር ሠራ? እማማስ እንዴት ናት፣ የደም ግፊቷ ወረደላት? እህቴስ፣ ትንሹ ወንድሜስ፣ ጎረቤቶቻችንስ? እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔም ደህና ነኝ። ሰውነቴን ከጠየቁኝ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ። የቀረውን ከታች ያገኙታል።

ይህን ደብዳቤ ይዛልዎት የምትመጣው እዚህ ቤት ምግብ ታበስል የነበረች ያገራችን ልጅ ናት። እባክዎ ቁጭ አድርገው ያብሏት፤ እጇን ወደ ድስት እንድትሰድ ግን አይፍቀዱላት፣ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱታል። በስልክ ሁሉን የማልነግርዎ የምደውለው በአሠሪዬ፣ በሰውዬው ስልክ ስለሆነ ነው። አጠገቤ ቆሞ ፈገግ እያለ «ለአባትህ ሰላም በልልኝ» ይላል። ቋንቋችንን አያውቅም፣ ፊቴን ግን ማንበብ ለምዷል።

ከሁሉ አስቀድሜ የእማማን ነገር ላስተካክል። ባለፈው ስንደዋወል «ልጄ፣ ምን ስትሠራ ትውላለህ?» ብትለኝ «ከካቴና ጋር ስታገል ነዋ የምውለው» አልኳት፤ ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ከእህቴ ሰማሁ። እማማ «ልጄ ታሰረ» ብላ ሰፈሩን አተራምሳ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ጠበቃ ቤት ድረስ ተሂዶ ነበር አሉ። አባባ፣ እባክዎ ያስረዱልኝ። እኛ ጋራዥ ውስጥ ካቴና የምንለው የሞተር ብስክሌቱን የኋላ ጎማ የሚያዞረውን ሰንሰለት ነው። በጋዝ ይታጠባል፣ በጨርቅ ይደርቃል፣ ዘይት ይቀባል፣ ሲላላ ይወጠራል። እጅ ላይ የሚገባው ዓይነት አይደለም።

ሞተሩን አላዩትምና ትንሽ ልንገርዎ። ግማሹ የእሽቅድድም፣ ግማሹ የረጅም መንገድ ነው። እንደ ልብ ይበራል፤ ደግሞም በሁለቱም ጎኑ የልብስ ሳጥን፣ ከፊቱ የንፋስ መከላከያ መስታወት አለው። ፋብሪካው ሲሠራው ግን ወገቡ የማይታመም ጎረምሳ አስቦ ነው መሰለኝ፤ መሪው ዝቅ ብሎ ወደ ፊት የሸሸ፣ የእግር ማሳረፊያው ወደ ላይ የወጣ፣ መቀመጫው እንደ ጣውላ የደረቀ ነው። የእኛ ሰውዬ ደግሞ ሆዱ የሚቀድመው፣ ዳሌው በወጣትነቱ ተሰብሮ የተጠገነ ሰው ነው። ጠዋት ወገቤን፣ ከሰዓት አንገቴን ይላል። ሶፋው አይመቸውም፣ መኪናው አይመቸውም፣ ትራሱ በየሳምንቱ ይቀየራል። እኛ ሠራተኞቹ እሱ በሌለበት አቶ ምቾት ነው የምንለው።

እንደሚያውቁት፣ ከዚህ አገር ለመውጣት የእሱ ፊርማ ያስፈልገኛል፤ ፓስፖርቴም ካዝናው ውስጥ ነው ያለው። «እህቴ ልታገባ ነው፣ እኔን ብለው ነው የቆዩት፣ ልሂድ» ብዬ ስለምነው አልተቆጣም። ትከሻዬን ይዞ «ይህን ሞተር አመቻችልኝ። ባሕሩ ድረስ ነድቼ ስመለስ ምንም ካላመመኝ በዚያው ቀን እፈርምልሃለሁ» አለኝ። እጄንም ጨበጠኝ። እኔ ደግሞ ያንን ጭብጥ አምኜ፣ ሠርጉን አቆዩልኝ፣ መምጣቴ ነው ብዬ ደወልኩልዎ። እርስዎም በእኔ ቃል የሙሽራውን ቤተሰብ ዛሬ ነገ ሲሉ ያዙ። ሰዎቹ መሰልቸታቸውን አውቃለሁ። እህቴ ባትነግረኝም ድምጿ ይነግረኛል።

እንግዲህ ሥራ ጀመርኩ። መሪውን ከሥሩ በብረት ከፍ አድርጌ ወደ ደረቱ አቀረብኩለት፤ ወገቡ ተሻለው፣ የእጁ አንጓ አመመው። የእጀታውን አቅጣጫ ቀየርኩ፤ አንጓው ተሻለው፣ ጉልበቱ አመመው። የእግር ማሳረፊያውን ዝቅ አደረግሁ፤ ጉልበቱ ተሻለው፣ ንፋሱ የራስ ቁሩን እየመታ አንገቱን አንቀጠቀጠው። ረዘም ያለ መስታወት ገጠምኩለት፣ ጆሮው ውስጥ ጮኸበት፤ ፕላስቲክ ነውና ከላዩ በመጋዝ ቆርጬ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ዝም አለ። ንዝረት የሚቀበለውን ሞላ አላላሁ፣ ጎማውን ለክቼ ነፋሁ፣ እጀታው ላይ ለብርድ ቀን ማሞቂያ ጠመጠምኩ። አንዱን ስደፍን አንዱ ይከፈታል። በየጊዜው ነድቶ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ ፊቱን አያለሁ፤ ከወረደ በኋላ እጁን ወዴት እንደሚሰድ፣ ወገቡን ነው ወይስ ትከሻውን የሚይዘው እያልኩ።

መጨረሻ ላይ መቀመጫው ቀረ። እዚህ ላይ የእርስዎ ልጅ መሆኔ ጠቀመኝ፤ ወይም ጎዳኝ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ኮርቻ ሊሠሩ ሲሉ ባለቤቱን እርጥብ አሸዋ በሞላ ሳጥን ላይ ያስቀምጡት አልነበር? አቶ ምቾትን በነጭ ሱሪው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢው መሃል እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀመጥኩት። ሹፌሩ ሳቁን ሊደብቅ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ጭንቅላቱን ከተተ። ምግብ አብሳይዋ በወጥ ቤቱ መስኮት እያየች አፏን በሽርጧ ያዘች። ሰውዬው ሲነሳ ግን አሸዋው ሁሉን ነገረኝ። በግራ በኩል ጠልቋል፣ በቀኝ በኩል ጭረት እንኳ የለም። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን አጋድሎ እየተቀመጠ ወንበር ሲሰድብ ኖሯል።

ስፖንጁን በዚያው ልክ ቀረጽኩት፤ ግራውን ደገፍ፣ ቀኙን ሸሸት፣ ከፊት ለፊቱ ጠበብ አድርጌ። ቆዳ አለበስኩት፣ ስፌቱንም እርስዎ እንደሚወዱት ድርብ አደረግሁት። ሹፌሩ ልሞክር ብሎ ቢወጣበት «ይሄ ነገር ወገቤን ጠመዘዘው» እያለ ወረደ። እኔም ብቀመጥበት ቆረቆረኝ። ከዚያ ሰውዬ በቀር በዓለም ላይ ለማንም የማይሆን መቀመጫ ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርዎ አልችልም፤ ሹፌሩን ይዤ እየዞርኩ ስፌቱን አሳየሁት። ሞኝነቴ እዚያ ላይ ነበር።

ስለምኖርበት ቦታ ጽፌልዎ አላውቅም። ጋራዡ ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። የብረት በሩ በሪሞት ነው የሚከፈተው፣ ሪሞቱ ደግሞ የሰውዬው ኪስ ውስጥ ነው። የእኔ ክፍል ከጎማ መደርደሪያው ጀርባ ናት። ሞተሩን ስሞክር ከአበባው መደብ እስከ ውኃ ማጠራቀሚያው ድረስ በሁለተኛ ማርሽ እሄድና እዞራለሁ፤ ሦስተኛውን አስገብቼው አላውቅም። ዘበኛው ጨዋ ሰው ነው። ወደ ውጭው በር ጠጋ ስል «እሳቸው ሲመለሱ ብትጠይቅ አይሻልም?» ይለኛል በትሕትና። ባሕሩ ምን እንደሚመስል አላውቅም። የማውቀው ከካቴናው ላይ በማጥበው ጨውና ከመስታወቱ ላይ በምፍቃቸው ነፍሳት ነው። አንዳንዴ አይቼው የማላውቀው የቢራቢሮ ክንፍ ተጣብቆ አገኛለሁ፤ ጨርቁን ይዤ ቆሜ እቀራለሁ።

ሰውዬው በአዲሱ መቀመጫ ወደ ባሕሩ ሄደ። ሻንጣዬን አሰርኩ። ለእህቴ በሹፌሩ እጅ ያስገዛሁትን ጫማ ከላይ አደረግሁት፣ እንዳይጨማደድ። ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅሁት፤ ወረደ፣ የራስ ቁሩን አወለቀ፣ እጁን ወዴትም አልሰደደም። ቀጥ ብሎ ቆመ። «ምንም አላመመኝም፤ መቀመጤንም ረሳሁት» ብሎ አቀፈኝ። እኔም አቀፍኩትና «ፊርማውንስ?» አልኩት። ሳቀ፣ አባባ። በክፋት አይደለም የሳቀው፣ ልጅ ሲያጠፋ እንደሚሳቀው ነው። «አንተ ከሄድክ ጀርባዬን ማን ያውቅልኛል? ስፖንጁ ሲሟሽሽ ማን ይቀርጽልኛል? እንዲያውም አሁን ለባለቤቴ የኋላ መቀመጫ ትሠራለህ» አለኝ።

በማግስቱ ለክፍሌ አዲስ ፍራሽ አስመጣልኝ፤ ውድ የሆነውን፣ የሰውን ገላ ቅርጽ የሚይዘውን። ቀጥሎ ማራገቢያ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን። «አንተም ይመችህ እንጂ» ይለኛል። ጀርባዬን ያመኝ የነበረው ተወኝ፤ እንቅልፌ ጥሩ ነው። ፍራሹ ላይ ተጋድሜ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ሞተሩን ለረጅም መንገድ ሳመቻች እሱ እኔን ለረጅም ዘመን ያመቻቸኝ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ፤ ክፉን ሰው ጠልቶ ማደር ይቻላል። እማማ «ታሰረ» ብላ ስታለቅስ ስቄባት ነበር። ከሁላችንም ቀድማ የገባት እሷ ናት፣ ይህን ግን አይንገሯት።

አሁን ስለ ምግብ አብሳይዋ ልንገርዎ። እሷም እንደ እኔ ልሂድ ብላ ለምና ተከልክላ ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ሾርባው ጨው በዛበት፣ ሥጋው አረረ፣ ሩዙ ድንጋይ ያዘ። አቶ ምቾት በሆዱ ቀልድ አያውቅም፤ ፓስፖርቷን ራሱ አምጥቶ እጇ ላይ አኖረው። አውሮፕላኗ ከመነሳቱ ጥቂት ቀን አስቀድማ ልትሰናበተኝ ስትወርድ አዝኜላት «ምነው እጅሽ እንዲህ ከዳሽ?» ብላት በሳቅ ፈረሰች። «ጨዉን በማንኪያ እየለካሁ ነው የጨመርኩት፤ አንተን ማነው ጎበዝ ሁን ያለህ? መቀመጫውን ከሥሩ ላጥ አድርገው፣ ወገቡ ሲያዝ እሱው ራሱ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርስሃል» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ሰውዬው ምሳ ላይ ሳለ መቀመጫውን ፈታሁት፣ ቆዳውን ገለጥኩ፣ ቢላዬን በግራ በኩል አሳረፍኩ። የአንዲት ጣት ውፍረት ያህል ብቻ ነበር የሚበቃኝ። ስለ እህቴ አሰብኩ፣ ስለ እርስዎ ጉልበት አሰብኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ጻድቅ ስለሆንኩ አይምሰልዎ፤ ልቤማ ቆርጦ ነበር። በልጅነቴ ጠማማ ስፌት ይዤልዎት ስመጣ አንዲት ክፉ ቃል ሳይናገሩ ክሩን በጥርስዎ በጥሰው ይመልሱልኝ ነበር፤ ያ እጄ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ቆዳውን መልሼ ሰፋሁት። ይባስ ብሎ ጥግ ላይ የላላ ስፌት አየሁና አጠበቅሁት። በራሴ ሳቅሁ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። ጥፋቱ የእርስዎ ነው አባባ፤ ልጅዎን ትንሽ ሥራ ማበላሸት ቢያስተምሩት ኖሮ ዛሬ እናንተ ዘንድ ድንኳን ይተክል ነበር።

ስለዚህ አትጠብቁኝ። የሙሽራውን ሰዎች ይጥሩና ቀን ይቁረጡ፤ በእኔ ምክንያት የልጅቷ ነገር እንዳይበላሽ። ምነው ቀረ ቢሉዎት ሥራ በዛበት ይበሏቸው፣ ውሸት አይደለም። ለእማማም ሲያነቡላት ስለ ካቴናው ያለውን ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ስለ በሩና ስለ ቢላዋው ያለውን ይዝለሉት። እኔ መለመኔን አልተውኩም። ነገ የሚስቱን መቀመጫ ልለካ አሸዋ አርጥብ ተብያለሁ። እንደምለካውም አውቃለሁ፣ በደንብ ነው የምለካው፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

እማማን ጉልበቷን ስሜያለሁ በሉልኝ፤ ወፍሯል ብላችሁ ደስ አሰኟት። ትንሹን ወንድሜን ሰላም በሉልኝ፤ ሥራ ሲማር ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይወቅ፣ አንዱን አብልጦ አይወቅ። ጎረቤታችንን ጠበቃውን ስለ ድካማቸው አመስግኑልኝ። አማቻችን ሊሆን ያለውን ሰውዬ ባላየውም ወድጄዋለሁ፤ ይህን ያህል ስለታገሠ። ጫማው በምግብ አብሳይዋ እጅ መጥቶላችኋል፤ ለእህቴ ስጧትና ልኳ ባይሆንም እንዳትነግሩኝ። በሠርጓ ቀን ወደ በሩ እንዳታይ አደራ በሏት። ለእኔ ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ወንበር ሰው ይቀመጥበት፤ ባዶውን ካየችው እስከ መጨረሻው ትጠብቀኛለች።

የማይረሳዎ ልጅዎ፣
ከጋራዡ፣ ከጎማ መደርደሪያው ጀርባ
ማክሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን